ሃምሳውን ቀን ማን ይብላው?

ሁዳዴን 55 ቀን እንጾመዋለን፤ ፋሲካን ግን በአንድ ሌሊት እንጨርሰዋለን። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ቅዳሴው ያልቃል፤ የጧፍ ሰም የተንጠባጠበበትን ነጠላችንን እያጣፋን ቤት እንገባለን፤ ድስቱ ይከፈታል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ አባወራው ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ አላልቶ ሶፋው ላይ ተዘርሯል። እሑድ ቀን «በሞቴ» እየተባለ ይደግማል። ሰኞ የጎረቤት ተራ ነው፤ እዚያም «በሞቴ» አለ። (አስቡት እንግዲህ፤ ሞት ድል በተነሣበት በዓል ሰውን የምናጎርሰው «በሞቴ» እያልን ነው።) ማክሰኞ ለብ ያለ ነገር ብቻ ያምረዋል። ረቡዕ ምግብ ቤት ገብቶ «የጾም ምን አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። አስተናጋጇም ሁለት ወር ገደማ አፏ ስለለመደ «በያይነቱ፣ ተጋቢኖ፣ ፓስታ በአትክልት» እያለች ትዘረዝርለታለች። ፋሲካ መሆኑ ትዝ የሚላቸው እንጀራው ከቀረበ በኋላ ነው።

ሥርዓቱ ግን እንዲህ አይልም። ቤተ ክርስቲያን ለጾሙ 55 ቀን ብትወስድ ለደስታው 50 ቀን መልሳ ሰጥታናለች። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ይበላል፣ ዓርብም ይበላል። ስግደትም የለም፤ ቆሞ ማመስገን ነው። በእነዚህ ቀናት «ልጹም፣ ልስገድ» የሚል ሰው ቢመጣ የንስሐ አባቱ ይገሥጹታል እንጂ አያመሰግኑትም። እኛ ግን ተላምደን የከረምነው ከጾሙ ጋር ነው። ሐዘኑን እንችልበታለን፤ ጉልበታችን የሚከዳን ደስታው ላይ ነው። 55ቱን ቀን ከመጾም 50ውን ቀን መደሰት ሳይከብድ አይቀርም ባይ ነኝ።

ለዚህ የምጠራቸው ምስክሮች አዲስ አበባን ከበው ተቀምጠዋል። ድሮ ዘመድ ሁሉ ጉለሌ አካባቢ በእግር የሚደረስበት ነበር። በኋላ የቤት ኪራይ ሁሉንም በየአቅጣጫው ገፋው። የክርስትና እናቴ በጅማ መንገድ ሰበታ ገቡ፤ አማቴ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፤ አጎቴ ደግሞ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለው አንድ አስተዳደር ሆነዋል፤ ታክሲው ግን ይህን ገና አልሰማም። ከሰበታ ቡራዩ ልሂድ ያለ ሰው ወጨጫ ተራራ መሀል ስለተደነቀረበት በዓለም ገና አድርጎ ወደ አየር ጤና ይመለሳል፤ አዲስ አበባን ያቋርጣል፤ ከዚያ በአስኮ በኩል ይወጣል። ሱሉልታ ለመድረስ ደግሞ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ጀርባ መሻገር አለበት። እኔም ለሦስቱም አክፋይ ማድረስ ግዴታዬ ነው።

አክፋይን ለረሳ ሰው ላስታውስ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ለአማት፣ ለክርስትና አባትና እናት ድፎ ዳቦና የሚጠጣ ነገር ይዞ መጠየቅ ነው። የቻለ ሙክት ይጎትታል። ድፎ ዳቦ አቅፎ በበዓል ሰሞን ሚኒባስ መሳፈር የራሱ ፈተና አለው። ጭንህ ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ ረዳቱ ግን አራተኛ ሰው ሊያስገባ አስቦ ዳቦውን በክፉ ዓይን ያየዋል። «ወንድም፣ ይሄ ይከፍላል?» ይላል። ከኋላ የተቀመጡት እናት «ተወው፣ የአክፋይ ነው!» ሲሉት ዝም ይላል። እሱም ያላደረሰው አክፋይ ሳይኖርበት አይቀርም።

ሰበታ በአንድ በኩል የጌቴሴማኒን የሴቶች ገዳም፣ በሌላ በኩል ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካን ይዛ ሁለቱንም ወገን ሳታስቀይም ትኖራለች። አቦ ሲባል ሕዝቡ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ማለቱ ነው፤ ገድላቸው ደግሞ የእናታቸውን ጡት እንኳ አልቀመሱም ይላል። የክርስትና እናቴ ስለዚህ ነገር ሲጠየቁ ፈገግ ብለው ያልፉታል። ሰበታ የገቡበትን ምክንያት ግን ለጠየቃቸው ሁሉ «ለገዳሙ ብዬ ነው» ይላሉ። ኪራዩን አያነሡም።

እሳቸው ቤት በሰሙነ ሕማማት ብትሄዱ አይስሟችሁም። ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ስለሆነ በዚያ ሳምንት መሳሳም የለም፤ ካህኑም መስቀል አያሳልሙም። ፍትሐትም አይደረግም። ስለዚህ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፍ ሰው ተብሎ ሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ፍትሐት ይደረጋል። ማን እንደሚሞት ስለማይታወቅ ለሁሉም ነው። ምእመኑ የራሱን ፍትሐት ቆሞ ይሰማል፤ ከዚያ የዘንባባ ቀለበቱን ጣቱ ላይ አጥልቆ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ቤቱ ገብቶ ሽሮውን ይበላል። እማማ ይህንን ቀልድ አድርገው አይወስዱትም። ከሆሣዕና በኋላ «ሰኞም አልሄድኩ፣ ማክሰኞም አልሄድኩ» እያሉ ቀኑን ይቆጥራሉ። ፋሲካ ሲነጋ «ይኸው፣ ፍትሐቴ ተደርጎ ሳለ ተነሣሁ!» ብለው እልል ይላሉ። ስለ ትንሣኤ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ከዚህ እልልታ ይበልጥ የገባኝ የለም።

እናም ሰኞ ዕለት ዳቦዬን አቅፌ ስደርስ የሳምንቱን ውዝፍ መሳም ባንዴ ከፈሉኝ። ጉንጬ እስኪቀላ።

«ዛሬ ማን ነው?» አሉኝ ቡናው ሲፈላ።

«ሰኞ።»

«ሰኞማ በሁዳዴም ነበረ! ማዕዶት ነው። የቀን ስም ሳታውቅ ነው በዓል የምታከብረው?»

ከዚያ ሳምንቱን ዘረዘሩልኝ። ሰኞ ማዕዶት፤ ነፍሳት ከሲኦል ወደ ገነት የተሻገሩበት መታሰቢያ ነው። ማክሰኞ ቶማስ፤ ካላየሁ አላምንም ላለው ሐዋርያ። ረቡዕ አልዓዛር፤ በአራተኛው ቀን ከመቃብር ለተጠራው። (የፋሲካ ዶሮ ወጥም አራተኛ ቀኑን የሚይዘው ረቡዕ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከቆመ ማርታ በወንድሟ መቃብር ደጃፍ የሠጋችው ሥጋት እያንዳንዱን ቤት ይገባዋል።) ሐሙስ አዳም ነው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው እሱ ያልተፈቀደለትን በልቶ ስለሆነ፣ በበላተኛ ሳምንት መሀል አንድ ቀን ቢሰጠው አይገርምም። ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ትባላለች። ቅዳሜ የቅዱሳት አንስት ነው፤ ገና ሳይነጋ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ ለሄዱት ሴቶች። እዚህ ላይ እማማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ «ወንዶቹ በር ዘግተው ተቀምጠው ነበር!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዜናውን መጀመሪያ የሰሙት ሌሊት የተነሡት ናቸው። በእኛም ቤት ሽንኩርት ሲያቁላሉ የሚያድሩት ሴቶቹ ሆነው ሳለ ቅዳሜያቸውን በስሙ የሚጠራላቸው ወንድ እምብዛም አላየሁም። በሳምንቱ እሑድ ዳግም ትንሣኤ ነው።

እያንዳንዱ ቀን ስም ያለው ሰው ከሆነ፣ ረቡዕ ዕለት የጾም ምግብ የሚያዝ ሰው አልዓዛርን ከመቃብር ጠርቶ ሽሮ እንዳበላው ይቁጠረው።

የቡራዩዋ አማቴ ሰፈር ከገፈርሳ ግድብ ብዙ አይርቅም። እዚያ ፋሲካ የሚታወቀው በቅርጫው ነው። በሬው ከበዓሉ ቀደም ብሎ ይገዛና ከባሕር ዛፍ ሥር ይታሰራል። ሕፃናቱ ሣር እያቀረቡ ስም ያወጡለታል፤ ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ስም የወጣለትን በሬ መብላት ይከብዳቸዋል። ለጥቂት ሰዓት።

የመደብ አወጣጡን ያላየ ሰው ፍትሕ ምን እንደሚመስል ገና አያውቅም። ሥጋው ቅጠል ላይ ተራ በተራ ይደረደራል። ሽንጡ፣ ጎድኑ፣ ታላቅ ታናሹ፣ ሰንበሩ ሳይቀር ለሁሉም እኩል ይቆረጣል። አንድ ጎልማሳ በቢላዋ ከአንዱ መደብ ጥፍር የምታህል ቁራጭ አንሥቶ ወደ ሌላው ሲያዛውር ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ ዕጣ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍም፣ ጠጠርም፣ ሳንቲምም ያዋጣል፤ የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ተጠርቶ መደቦቹ ላይ ያስቀምጣል። ከዚህ ፍርድ ይግባኝ የለም።

በአማቴ ሰፈር ቅርጫ የሚገቡት ደግሞ ሁሉም ሁዳዴ የጾሙ አይደሉም። ሰፈሩ እንደ ቡራዩ ሁሉ ቅይጥ ነው። ሸማኔው የጋሞ ሰው አለ፣ ጉራጌው ባለ ሱቅ አለ፣ ከሆለታ የመጡ ባልና ሚስት አሉ። በበዓሉ ጧት ከአጥር ወዲህ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲባል ከአጥር ወዲያ በኦሮምኛ «ባጋ ነጋን ጌሰን» ይባላል፤ መልሱም «ባጋ ወሊን ጌኜ» ነው። ሙስሊሟ ጎረቤት ቅርጫው ውስጥ ባይኖሩም ትልቁ ድስት የእሳቸው ነው፤ ከፋሲካ እስከ ኢድ ከቤት ቤት ይዞራል። አንደኛው ጎረቤት ደግሞ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ትንሣኤን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ፣ 55ቱን ቀን ግን በእኛ ደንብ አይጾሙም።

አንድ ዓመት ቅልጥሙ ለሁሉ ስለማይደርስ በዕጣ ሆነ። ለእኚሁ ጎረቤት ወጣ። አንድ ወጣት፣ አክፍሎ ከዓርብ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ነው፣ ዓይኑ ቅልጥሙ ላይ ቀረ።

«ሁዳዴን ሙሉ ጥብስ ሲጠብሱ ሽታው በአጥር እየገባ ሲፈትነን ከርሞ አሁን ቅልጥሙም ለእሳቸው?» አለ።

አማቴ ቅጠሉን እየሰበሰቡ ቀና እንኳ አላሉም። «አንተ የጾምከው ለቅልጥም ነው?» አሉት።

ሰውየው ከት ብለው ሳቁ። ልጁም ሳቀ። ቅልጥሙ የት እንደተበላ ልንገራችሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ነው የሰበሩት።

አማቴ የተናገሩት ያለ ነገር ነው። በግሪክና በሩሲያ አብያተ ክርስቲያናት በፋሲካ ሌሊት የሚነበብ፣ የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው የሚባል ስብከት አለ። የጾመውንም ያልጾመውንም፣ ማልዶ የመጣውንም በመጨረሻው ሰዓት የደረሰውንም ወደ አንድ ማዕድ ይጠራል። ይህን ሳነብ የታየኝ የቡራዩው ቅርጫ ነበር። ደስታውን አንድ ሌሊት ውጠን የምንጨርሰው ትንሣኤን እንደ ጾሙ ደመወዝ ስለምንቆጥረው ይመስለኛል። 55 ቀን ሠራሁ፣ ክፈሉኝ፣ ተቀበልኩ፣ ሂሳብ ተዘጋ። ደመወዝ ከሆነ በእርግጥም በሦስት ቀን ያልቃል፤ የእኔን ደመወዝ የሚያውቅ ሰው ይህን አይክድም። ስጦታ ከሆነ ግን ገና 47 ቀን ይቀራል።

ፋሲካውን በስልክ የሚያመሰቃቅሉብን ደግሞ ውጭ አገር ያሉት ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ፈረንጆቹ ትንሣኤን መጋቢት 22 ሲያከብሩ እኛ ሚያዝያ 27 ነበርን። ያኔ የአጎቴ ልጅ ከባሕር ማዶ ደውላ «እኛ ጋ ሁሉም ዕንቁላል እየቀባ ነው፤ እናንተስ?» ብላ አጎቴን አናደደቻቸው። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም፤ አጎቴ ይህን በስልክ ሲያስረዷት ካርዷ አለቀ። በ2017 ግን የምሥራቁም የምዕራቡም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ላይ ገጠመ። የትንሣኤን ቀን ነገር የመከረው የኒቅያ ጉባኤ 1,700ኛ ዓመቱን በያዘበት ዓመት መሆኑ ደግሞ ደስ ይላል። ልጅቱ ደውላ «እንኳን አደረሰዎ» ስትል አጎቴ «ይኸው መጣችሁ!» አሏት፤ እሳቸው ያሸነፉት ነው የሚመስላቸው።

አጎቴ ሱሉልታ ላሞች አሏቸው። ከሱሉልታ እስከ ጫንጮና ሰላሌ ያለው አገር አዲስ አበባን ወተት ከሚያጠጡት አንዱ ነው። ለወተት ሻጭ ሁዳዴ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በእሳቸው ነው። ጾሙ በገባ ሰኞ ማኪያቶ ጠጪው ሁሉ ወደ ጥቁር ቡና ይዞራል፤ ካፌዎቹ «ለጊዜው አታምጡ» ይላሉ። ችግሩ ላሟ ጾም አታውቅም። ዘወረደም፣ መጻጉዕም፣ ደብረ ዘይትም ሳትል ጧት ማታ ትታለባለች። አጎቴ በዚያ ብርድ፣ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ አረፋው እስከ ክርናቸው እየፈናጠቀ ያልባሉ፤ ጠብታ አይቀምሱም። ሁለት ወር ገደማ ወተት ውስጥ ቆሞ ወተት አለመቅመስ ከየትኛውም ስግደት አያንስም ብዬ አምናለሁ። ወተቱ ታዲያ አይደፋም። ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤ ይሆናል፣ አይብ ይወጣዋል። ፋሲካ ሲደርስ ከአዲስ አበባ መኪና እያሰለፈ የሚመጣው ሰው የሚገዛው እሱኑ ነው። የፋሲካ ዶሮ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ቅቤ ጾሙ ውስጥ ሲናጥ የከረመ ነው ማለት ነው።

እሳቸውን ግን ሲፈስኩ ልታዩአቸው ይገባል። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያቺኑ ላም ያልባሉ፤ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ቆመው ይጠጣሉ፤ ያማትባሉ። ዶሮውን ከአንድ ብልት አያልፉም። «ብሉ እንጂ ጋሼ!» ሲባሉ፣ «ምን አስቸኮለኝ? ሃምሳ ቀን አለኝ» ይላሉ። በማግስቱም አንድ ብርጭቆ። ረቡዕም፣ ዓርብም። እኛ በሳምንቱ ሆዳችንን ይዘን ዝንጅብል ስንፈልግ፣ ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ ደግሞ በጾሙ ተጠራቅሞ የቆየው የሠርግ ጥሪ በየቅዳሜውና እሑዱ ሲያዞረን፣ እሳቸው ያቺን ብርጭቆ አያጎድሉም፣ አይጨምሩም። አንድ ሌላ ነገርም አላቸው። ግንቦት ገብቶ፣ የበዓሉ ቄጠማ ደርቆ ከተጠረገ ስንት ሳምንት አልፎ፣ ጧት መንገድ ላይ «እንዴት አደሩ?» ያላቸውን ሰው «እንኳን አደረሰህ!» ብለው ይመልሱለታል። ሰው ግራ ይገባዋል። ሱሉልታ ሯጭ አያጣትም፤ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው መሮጫም እዚያው ነው። ሜዳውን እያቋረጡ የሚሮጡት ልጆች ግን ለምደዋቸዋል፤ ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ «አብሮ አደረሰን ጋሼ!» እያሉ ያልፋሉ። እኔ ከኋላቸው ቅቤ ተሸክሜ እያለከለክሁ ስደርስ እሳቸው ይስቃሉ፤ «አንተ ገና ፋሲካውን አልጨረስክም መሰለኝ» ይሉኛል። ለእሳቸው ይህ ስድብ አይደለም፤ ምስጋና ነው።

ትንሣኤን እንደ አጎቴ የሚያምን ሰው ብዙ አላየሁም። ስለ እምነታቸው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ግን በየቀኑ ለአንድ ሰው እንኳን አደረሰህ ሳይሉ አይውሉም።

እንግዲህ ርክበ ካህናት በ25ኛው ቀን፣ ዕርገት በ40ኛው፣ ጰራቅሊጦስ በ50ኛው ነው፤ በማግስቱ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል። እስከዚያ ግን ጊዜ አለ። ያላደረሳችሁት አክፋይ ካለ አሁን ተነሡ፤ አማት እየቆጠረች ነው፣ የክርስትና እናትም አልረሳችም። ሰበታ የምትሄዱ የቀኑን ስም አጥንታችሁ ሂዱ፤ ትጠየቃላችሁ። ሱሉልታ የምትወጡ ደግሞ ጋቢ ያዙ፤ በሚያዝያም ይበርዳል።